ሎምባርዲ ከሄደ በኋላ

አሜሪካኖች ፉትቦል ብለው የሚጠሩት ጨዋታ እኛ በየሰፈሩ ሜዳ ላይ እየተራገጥን ካደግንበት እግር ኳስ ጋር ከስሙ በቀር ብዙ ዝምድና የለውም። ኳሱ ሞላላ ነው፤ ከእግር ይልቅ በእጅ ይያዛል፤ ተጫዋቹም የራስ ቁር ደፍቶ፣ ትከሻውን በመከላከያ አደንድኖ ወደ ሜዳ ይገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው ጎረምሳ ሁሉ እርስ በርሱ ተጋጭቶ የሚወድቅበት ግርግር ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከስፖርት ሁሉ እንደዚህ ጨዋታ በወረቀት ተሰልቶና በጥቁር ሰሌዳ ተጠንቶ የሚካሄድ ያለ አይመስለኝም። ከዚህም የተነሳ የጨዋታው ታሪክ የተጫዋቾቹን ያህል የአሰልጣኞቹም ታሪክ ነው። ከአሰልጣኞቹ መካከል ደግሞ ስሙ በመጀመሪያ የሚነሳው ቪንስ ሎምባርዲ ነው።

ስለ ሎምባርዲ የተጻፈው ከሞላ ጎደል ስለ ድሉ ነው። እዚህ ግን ሕይወቱን የምናነሳው በሌላ በኩል ነው። ይህ ሰው በገዛ ፈቃዱ ሁለት ታላላቅ ቡድኖችን ትቶ ሄዷል፤ ሦስተኛውን ደግሞ በሞት ተለይቶታል። እሱ ሲሄድ ወደ ኋላ የቀሩት ምን አደረጉ? ሥራ የለመዱ አባላቱን በየዓመቱ አስመርቆ እየሸኘ ከአዳዲሶቹ ጋር እንደገና የሚጀምር የተማሪዎች ማኅበር ይህን ጥያቄ እንግዳ ነገር ነው የሚለው አይመስለኝም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቪንሰንት ቶማስ ሎምባርዲ ጁን 11 ቀን 1913 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን በሚባለው ክፍል ተወለደ። ቤተሰቡ ከጣሊያን የመጡ ስደተኞች ዘር ሲሆን አባቱ የሥጋ ነጋዴ ነበር። ቪንስ ከአምስት ልጆች የመጀመሪያው ነው። የጣሊያን ስም በኛ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ሌላ ትዝታ ይቀሰቅሳል፤ በዚያን ዘመን በአሜሪካ ግን የጣሊያን ስደተኛ ልጅ መሆን ዝቅ ተደርጎ መታየት ነበር። ሎምባርዲም ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ሳይቀር የዩኒቨርስቲ ዋና አሰልጣኝነት የተነፈገው ስሙ በአናባቢ ስለሚያልቅ እንደሆነ ያምን ነበር። ይህን ቂም በልቡ ይዞ ኖሯል። በኋላ በጥቁር ተጫዋቾች ጉዳይ የወሰደው አቋም ያለዚህ ቂም የሚገባ አይመስለኝም።

ቤተሰቡ አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። ልጁ ካህኑን በቅዳሴ ያገለግል ነበር፤ በ15 ዓመቱም ካህን ለመሆን አስቦ ወደ ካህናት መሰናዶ ትምህርት ቤት ገባ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ወጣ እንጂ ቅዳሴ መሳሙን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወም። በ1933 በኳስ ችሎታው ነጻ ትምህርት አግኝቶ የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ወደሆነው ወደ ፎርድሃም ዩኒቨርስቲ ገባ። ቁመቱ አጭር፣ ክብደቱም ለቦታው ያነሰ ነበር። ይሁን እንጂ በ1936 ሰባቱ የግራናይት ድንጋዮች ተብሎ በጋዜጣ ከተሞገሰው የፎርድሃም የፊት መስመር አንዱ እሱ ሆነ። ያ መስመር ምን ያህል ጠንካራ እንደነበር ለማወቅ አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ፤ ከ1935 እስከ 1937 ፎርድሃምና ፒትስበርግ በተከታታይ ሦስት ዓመት ተገናኝተው ሦስቱንም ጊዜ ዜሮ ለዜሮ ተለያዩ።

ሲመረቅ የኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን ገና አላለቀም ነበር። ለጥቂት ጊዜ ሕግ ተማረ፤ አልሆነለትም። በ1939 ኢንግልዉድ፣ ኒው ጀርሲ በሚገኝ ሴንት ሲሲሊያ በሚባል አነስተኛ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት አሰልጣኝና መምህር ሆኖ ተቀጠረ። ላቲን፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ያስተምር ነበር። በማግሥቱ ዓመት ማሪ ፕላኒትዝን አገባ። በዚያች ትምህርት ቤት 8 ዓመት ቆየ፤ ይህ ዘመን በሕይወት ታሪኮች ውስጥ ብዙ ጊዜ በሁለት መስመር ይታለፋል። እኔ ግን ሎምባርዲ የተሠራው እዚያ ይመስለኛል። ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ከክፍሉ ሁሉ ቀስ ብሎ የሚገባውን ልጅ እያየ ነው የሚናገረው። ያ ልጅ ሲገባው ክፍሉ በሙሉ ገብቶታል ማለት ነው። ሎምባርዲም በኋላ በሙያው ከፍተኛ ደመወዝ ለሚከፈላቸው ተጫዋቾች አንዱን ዘዴ ደጋግሞ፣ ሁሉም እስኪገባቸው ድረስ በሰሌዳ ላይ ሲተነትን የሚውለው እንደ መምህር ነበር።

በ1947 ወደ ፎርድሃም ተመልሶ ሁለት ዓመት ሠራ። ከዚያ በ1949 ዌስት ፖይንት ወደሚገኘው የጦር መኮንኖች አካዳሚ ሄደ። የአካዳሚው አሰልጣኝ ኮሎኔል አርል ብሌክ ነበር፤ ሎምባርዲ ከማንም ይበልጥ እንደ አስተማሪው የሚያየው ሰው ነው። ከእሱ የተማረው የጨዋታን ፊልም ደጋግሞ መመርመርን፣ የቀኑን ሥራ በደቂቃ መከፋፈልን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥቂት ነገር አውቆ እሱኑ አሳምሮ መሥራትን ነው። ብሌክ የጄኔራል ማክአርተር ወዳጅ ስለነበር ሎምባርዲ የጨዋታ ፊልም ተሸክሞ ወደ ጄኔራሉ መኖሪያ እየሄደ ያሳይ ነበር።

በ1951 በአካዳሚው ከባድ ነገር ደረሰ። በፈተና ኩረጃ ምክንያት 90 ያህል እጩ መኮንኖች ተባረሩ፤ ከነዚህ ብዙዎቹ የኳስ ቡድኑ አባላት ሲሆኑ የብሌክ የገዛ ልጅም ነበረበት። ያን ዓመት ቡድኑ ከ9 ግጥሚያ 2 ብቻ አሸነፈ። ብሌክ ግን አልለቀቀም። በቀሩት ልጆች እንደገና ጀምሮ በ1953 ከ9 ግጥሚያ አንድ ብቻ ወደ ተሸነፈ ቡድን አደረሰው። ሎምባርዲ ቡድን ሲፈርስና ሲጠገን በቅርብ ያየው በዚህ ጊዜ ነው።

በ1954 የኒው ዮርክ ጃይንትስ ቡድን ጠራው። ዕድሜው 41 ሲሆን በሙያ ደረጃ በሚጫወት ቡድን ውስጥ ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነበር። የቡድኑ ባለቤቶች የማራ ቤተሰብ ናቸው፤ ዌሊንግተን ማራ ከሎምባርዲ ጋር በፎርድሃም አብሮ የተማረ ጓደኛው ነው። ጃይንትስ በ1953 ከ12 ግጥሚያ 9 ተሸንፎ ነበርና ዋናው አሰልጣኝ ተሽሮ በምትኩ ጂም ሊ ሃወል የሚባል ረጋ ያለ የአርካንሶ ሰው ተሹሟል።

እዚህ ላይ ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ደንቡ ተጫዋች እንደልብ መቀያየርን ይፈቅድ ስለነበር እያንዳንዱ ቡድን በውስጡ ሁለት ቡድን ሆኗል። ኳሱ በእጁ ሲሆን የሚገቡት 11 አጥቂዎች ናቸው፤ ኳሱ ወደ ባላጋራ ሲያልፍ እነዚያ ወጥተው ሌሎች 11 ተከላካዮች ይገባሉ። ሁለቱ ክፍሎች አብረው አይሠለጥኑም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የየራሳቸው አሰልጣኝ ያስፈልጋቸዋል። ዛሬ የማጥቃቱ ክፍል ኃላፊ የማጥቃት አስተባባሪ የሚል ማዕረግ አለው፤ ያን ጊዜ ረዳት አሰልጣኝ ብቻ ነበር የሚባለው። ሥራው ግን ያው ነው። 11ዱ ሰዎች በእያንዳንዷ እንቅስቃሴ የት እንደሚቆሙ፣ ማን ማንን እንደሚገፋ፣ ሯጩ በማን በኩል እንደሚያልፍ የሚደነግገው እሱ ነው። ይህ ሰው ሲሄድ የሚጎድለው አንድ ተጫዋች ሳይሆን ለ11 ሰው የሚያስበው አእምሮ ነው።

ሃወል የማጥቃቱን ክፍል ለሎምባርዲ፣ የመከላከሉን ደግሞ ለቶም ላንድሪ ሰጠ። ላንድሪ ያን ጊዜ ገና ተጫዋች ነበር፤ እየተጫወተ ያሠለጥናል። ሁለቱ ሰዎች በጠባይ ሰማይና ምድር ነበሩ። ሎምባርዲ ይጮሃል፣ ይስቃል፣ ያለቅሳል፤ ላንድሪ እንደ መሐንዲስ ዝም ብሎ ያሰላል። ሃወል ራሱ ለኔ የቀረልኝ ኳሱን መንፋትና ተጫዋቾቹ በጊዜ መተኛታቸውን ማየት ነው እያለ ይቀልድ እንደነበር ይነገራል። ብዙ ሰው ይህን የሃወል ድክመት አድርጎ ያወራዋል። በበኩሌ ትልቅ ችሎታ ይመስለኛል፤ ከራሱ የሚበልጡ ሁለት ረዳቶች ይዞ ሳይቀናባቸው የሠራ አለቃ ስንት ነው?

መጀመሪያ ላይ አንጋፋዎቹ ተጫዋቾች ይህን የሁለተኛ ደረጃ መምህር ናቁት። የኮሌጅ ጨዋታ ያመጣብናል ብለው በጀርባው ይስቁበት ነበር። እሱም በሥልጠናው ሠፈር ማታ ማታ ወደ መኝታ ክፍላቸው እየሄደ፣ በተለይ ፍራንክ ጊፈርድንና ቻርሊ ኮነርሊን፣ የትኛው ዘዴ እንደሚሠራና እንደማይሠራ ይጠይቃቸው ጀመር። ኮነርሊ ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን ተቀብሎ የሚያከፋፍለውና የሚወረውረው ሰው ነው። ጊፈርድ ግን ከቦታ ቦታ ሲንከራተት፣ ሲያጠቃም ሲከላከልም የነበረ ልጅ ነበር። ሎምባርዲ በአንድ ቦታ ተከለው፤ ሯጭ ሆነ፤ በ1956 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

በዚያው በ1956 ክረምት ሳም ሃፍና ዶን ቻንድለር የሚባሉ ሁለት ጀማሪዎች ሥልጠናው ሰልችቷቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ሊሄዱ ሲሉ ሎምባርዲ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ተከትሎ መለሳቸው። ሁለቱንም ስም አንባቢ ይያዝልኝ።

የሎምባርዲ የማጥቃት ዘዴ እምብርቱ አንድ ነገር ነበር፤ ስዊፕ ይባላል። ሁለቱ የመሐል ተጋፊዎች እንደ ልማዳቸው ፊት ለፊታቸው ያለውን ሰው ከመግፋት ይልቅ ወደ ጎን ዞረው ይሮጣሉ፤ ሯጩ ከኋላቸው ይከተላል። ሯጩ በዚህ ቀዳዳ ግባ ተብሎ አይታዘዝም። ከፊቱ ያሉት ተጋፊዎች ባላጋራቸውን ወደ ውጭ ከገፉት በውስጥ ያልፋል፤ ወደ ውስጥ ከገፉት በውጭ ይዞራል፤ ብርሃን ወዳየበት ነው የሚሮጠው። ባላጋራው ሊመጣ ያለውን አስቀድሞ ያውቃል፤ ቢያውቅም አያድነውም፤ ምክንያቱም የመረጠው መንገድ ሁሉ ስሕተት ይሆንበታል። ሎምባርዲ ይህን አንድ ዘዴ ለማስረዳት ሰዓታት ይፈጅ ነበር።

ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። በ1954 ጃይንትስ 7 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። ዲሴምበር 30 ቀን 1956 በያንኪ ስታዲየም የቺካጎ ቤርስን 47 ለ 7 ደምስሶ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ዲሴምበር 28 ቀን 1958 ደግሞ በዚያው ስታዲየም ከባልቲሞር ኮልትስ ጋር ለፍጻሜ ቀረበ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል 17 ለ 14 እየመራ ነበር፤ ኮልትስ በመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች አቻ ሆነው በተጨማሪ ሰዓት 23 ለ 17 አሸነፉ። ያ ግጥሚያ በቴሌቪዥን ለመላው አሜሪካ የታየና ጨዋታውን የሕዝብ ያደረገ ነው ይባላል። ሎምባርዲ በጃይንትስ የሠራው የመጨረሻው ግጥሚያም ይኸው ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ፣ በ1959 መጀመሪያ ላይ፣ ግሪን ቤይ ፓከርስ በዋና አሰልጣኝነትና በሥራ አስኪያጅነት ቀጠረው። ግሪን ቤይ በዊስኮንሲን ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ቡድኑም የአንድ ከበርቴ ሳይሆን አክሲዮን የገዛው ሕዝብ ንብረት ነው። ባለፈው ዓመት ከ12 ግጥሚያ አንድ ብቻ ነበር ያሸነፈው። ሎምባርዲ ከጃይንትስ ጋር ገና ያላለቀ ውል ነበረው፤ ዌሊንግተን ማራ ግን ወዳጁን ይዞ ማስቀረቱን አልወደደም። ከሃወል ወንበር በቀር የሚሰጠው ነገር አልነበረውም፤ ወንበሩም ባለቤት ነበረው።

እንግዲህ ጃይንትስ ምን አደረገ? ከውጭ ታላቅ ስም ያለው ሰው አላመጣም። አሊ ሸርማን የሚባለውን ከጓዳው አወጣ። ሸርማንም የብሩክሊን ልጅ ነው፤ የአይሁድ ስደተኞች ዘር፣ አጭር፣ ግራኝ፣ በወጣትነቱ በፊላደልፊያ ተጠባባቂ ኳርተርባክ የነበረ። ከ1949 እስከ 1953 በጃይንትስ ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ሠርቶ በለውጡ ጊዜ ተገፍቶ ካናዳ፣ ዊኒፔግ ሦስት ዓመት ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ከዚያ ተመልሶ ለጃይንትስ ተጫዋች መልማይ ሆኖ ነበር። ማለትም ቤቱን ያውቃል፤ ተጫዋቾቹን ያውቃል፤ የሎምባርዲን ዘዴም በቅርብ አይቷል።

የመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም አስገረመ። ሎምባርዲ በነበረበት በ1958 ቡድኑ በ12 ግጥሚያ 246 ነጥብ አግብቶ ነበር፤ ያለ እሱ በ1959 በ12 ግጥሚያ 284 አገባ። 10 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸነፈ። ኮነርሊ 38 ዓመት ሞልቶት በሕይወቱ ከተጫወተው ሁሉ የተሻለ ተጫወተ። በፍጻሜው በባልቲሞር 31 ለ 16 ተሸነፈ እንጂ የማጥቃቱ ክፍል ወደቀ የሚል አልነበረም። የዚህ ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል። ሎምባርዲ ያስተማራቸው 11 ሰዎች ትምህርታቸውን ይዘው ቀርተዋል፤ ላንድሪና መከላከያው እንዳሉ ናቸው፤ ሃወልም በወንበሩ አለ። የወጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሄደው መምህሩ እንጂ ትምህርቱ አልነበረም።

ትምህርት ግን በተማሪው ዕድሜ የተወሰነ ነው። በ1960 ላንድሪ አዲስ ወደ ተቋቋመው የዳላስ ቡድን ሄደ። ኖቬምበር 20 ቀን 1960 ጊፈርድ ከፊላደልፊያው ቻክ ቤድናሪክ ጋር ተጋጭቶ ራሱን ስቶ ከሜዳ ወጣ፤ 1961ን በሙሉ አልተጫወተም። ሃወልም በዓመቱ መጨረሻ ለቀቀ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስቱም ሰዎች ሄዱ ማለት ነው። ማራ ያን ጊዜ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ሎምባርዲን መልሱልኝ ብሎ ግሪን ቤይን ጠየቀ። የግሪን ቤይ ሰዎች ውሉን አሳይተው እምቢ አሉ። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ያልነበረ ወንበር ሁለት ዓመት ዘግይቶ ተገኘ። ጃይንትስም በ1961 ሸርማንን ዋና አሰልጣኝ አደረገ።

ሸርማን ሎምባርዲን ለመምሰል አልሞከረም፤ ይህ ሊመሰገንበት ይገባል። ሩጫው እያረጀ መሆኑን ስላየ ወደ ውርወራ ዞረ። ከሳን ፍራንሲስኮ ዋይ ኤ ቲትል የሚባል የ34 ዓመት ራሰ በራ ኳርተርባክ በአንድ ወጣት ተጫዋች ለውጦ አመጣ፤ ከሎስ አንጀለስም ፈጣኑን ዴል ሾፍነርን ወሰደ። ቲትል ኳሱን ወደ ሰማይ ይልከዋል፣ ሾፍነር ከታች ሮጦ ይቀበለዋል። በ1962 ቲትል 33፣ በ1963 ደግሞ 36 ተችዳውን ወረወረ። ጃይንትስ በ1961፣ በ1962 እና በ1963 በተከታታይ የምሥራቁን ምድብ አሸነፈ። ሸርማንም ሁለት ዓመት በተከታታይ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ። ሎምባርዲ የሚባል ሰው ባይኖር ኖሮ ስለ ሸርማን የሚነገረው ሌላ ታሪክ በሆነ ነበር።

ሎምባርዲ ግን ነበረ። ግሪን ቤይ ሲደርስ ያገኛቸው አብዛኞቹ ተጫዋቾች ያው የተሸነፉት ናቸው፤ ባርት ስታር፣ ፖል ሆርኑንግ፣ ጂም ቴይለር፣ ፎረስት ግሬግ፣ ጄሪ ክሬመር። አዲስ ሰው ከመፈለግ ይልቅ ለያንዳንዱ ቦታውን ፈለገለት። ቦታ አጥቶ ሲዋልል የነበረውን ሆርኑንግን በጊፈርድ ቦታ አቆመው፤ ስዊፑን አስተማራቸው። በመጀመሪያው ዓመት 7 አሸንፈው 5 ተሸነፉ፤ በሁለተኛው ለፍጻሜ ደርሰው በፊላደልፊያ 17 ለ 13 ተረቱ። ከዚያ በኋላ ሎምባርዲ በፍጻሜ ግጥሚያ ተሸንፎ አያውቅም።

ዲሴምበር 31 ቀን 1961 ጃይንትስ ለፍጻሜ ወደ ግሪን ቤይ መጣ። 37 ለ 0። ዲሴምበር 30 ቀን 1962 ደግሞ በያንኪ ስታዲየም ተገናኙ። ያን ቀን ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ነፋሱ አግዳሚ ወንበር ይገለብጣል። የቲትል ረጃጅም ውርወራ ነፋሱ እየወሰደው ከንቱ ሆነ። ግሪን ቤይ መሬት ለመሬት እየገፋ ሄደ፤ ቴይለር አንድ ተችዳውን አገባ፤ ክሬመር በእግሩ ሦስት ጊዜ መትቶ ኳሱን በቋሚዎቹ መካከል አሳለፈ። 16 ለ 7 አለቀ። የጃይንትስ 7 ነጥብ እንኳን የመጣው የግሪን ቤይ ምት በእጅ ታግዶ ከተገኘ ኳስ ነው። እንግዲህ በሁለት የፍጻሜ ግጥሚያ የጃይንትስ የማጥቃት ክፍል በቀድሞ አሰልጣኙ ቡድን ላይ አንዲት ነጥብ አላገባም። ሎምባርዲ ሲሄድ የጎደለው ነገር በ1959 አልታየም ነበር፤ የታየው ነፋስ በነፈሰ ቀን ነው። ውርወራ ፈጣንና ያማረ ነው፤ በበጋ ሁሉን ይረታል። በዲሴምበር ግን ሜዳው በረዶ ሲሆን የሚያዋጣው ሩጫ ነው፤ ሸርማን ያንን አልተካም።

በ1963 ፍጻሜ ቲትል ጉልበቱን ተጎድቶ እያነከሰ 5 ኳስ ለባላጋራ አስነጠቀ፤ ቺካጎ 14 ለ 10 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ሸርማን ትልቅ ስሕተት ሠራ የሚባለው ይህ ነው፤ የቆየውን መከላከያ አፍርሶ አንጋፋዎቹን ሸጠ። በ1964 ሳም ሃፍ ያለ ውዴታው ወደ ዋሽንግተን ተላከ። ቡድኑ ያን ዓመት 2 አሸንፎ 10 ተሸነፈ፤ በ1966 ደግሞ አንድ ብቻ አሸነፈ። ተመልካቹ በስታዲየም ሸርማንን በዘፈን ያሰናብተው ጀመር፤ በ1969 የውድድሩ ዘመን ሊከፈት ሲል ተሻረ። ጃይንትስ ከ1963 በኋላ ለጥሎ ማለፍ ውድድር የበቃው በ1981 ነው።

ወደ ግሪን ቤይ እንመለስ፤ ስለ ሰውዬው ያልተነገረ ነገር አለ። ሎምባርዲ ሲመጣ በከተማዋ ጥቁር ነዋሪ የለም ማለት ይቻላል፤ በቡድኑም ውስጥ አንድ ጥቁር ተጫዋች ብቻ ነበር። ሎምባርዲ አንጋፋውን ጥቁር ተከላካይ ኤምለን ተነልን ከኒው ዮርክ አመጣ፤ ዊሊ ዴቪስን፣ ዊሊ ዉድን፣ ኸርብ አደርሊንና ሌሎችን ጨመረ። ለከተማው መጠጥ ቤቶችና ሱቆች ሁሉ አንዱን ተጫዋቼን በቀለሙ ምክንያት ያላስተናገደ ቤት ለሁላችንም ዝግ ነው ብሎ አስታወቀ። ለልምምድ ግጥሚያ ወደ ደቡብ ሲሄዱም ሆቴሎቹ ጥቁርና ነጭ ስለሚለዩ ቡድኑን በሙሉ በጦር ሠፈር አሳደረ። ይህ የሆነው የዜጎች መብት ሕግ ከመውጣቱ በፊት ነው። ለቀቅ ያለ ሰው ግን አልነበረም፤ ተጫዋቹን ይሳደባል፣ ያስለቅሳል፤ ቤተሰቡም ከኳስ የተረፈውን ጊዜ ብቻ ነው ያገኘው።

በ1961፣ በ1962፣ በ1965፣ በ1966 እና በ1967 የሊጉን ዋንጫ ወሰደ፤ በ7 ዓመት 5 ጊዜ መሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት የሱፐር ቦል ግጥሚያዎች ያሸነፈውም እሱ ነው፤ በ1967 ካንሳስ ሲቲን 35 ለ 10፣ በ1968 ኦክላንድን 33 ለ 14። ከሁለቱ መካከል፣ ዲሴምበር 31 ቀን 1967፣ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ብርድ የላንድሪን ዳላስ በመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች 21 ለ 17 አሸነፈ። የጥንቶቹ የሃወል ሁለት ረዳቶች ነበሩ በሁለቱ ወገን የቆሙት።

በፌብሩዋሪ 1968 ደክሞት አሰልጣኝነቱን ለረዳቱ ለፊል ቤንግትሰን ለቀቀ። አሁን ደግሞ የግሪን ቤይ ተራ ሆነ። ቤንግትሰን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመከላከሉ ክፍል ኃላፊ የነበረ ጨዋ ሰው ነው፤ ቤቱን ያውቃል። የማጥቃቱ ክፍል አስተባባሪ ግን ሎምባርዲ ራሱ ነበር። ኒው ዮርክ እያለ ከበላዩ ሃወል፣ ከጎኑ ላንድሪ፣ በጓዳ ሸርማን ነበሩ፤ ግሪን ቤይ ግን ዋና አሰልጣኝ፣ የማጥቃት አሰልጣኝና ሥራ አስኪያጅ አንድ ሰው ነበር። ተጫዋቾቹም አብረውት አርጅተዋል። ያ በ1956 ከአውሮፕላን ማረፊያ የተመለሰው ዶን ቻንድለር በ1965 ወደ ግሪን ቤይ መጥቶ በእግሩ ነጥብ ያስቆጥር ነበር፤ እሱም በ1967 መጨረሻ ጡረታ ወጣ፤ በምትኩ የመቱት በየሳምንቱ ይስቱ ጀመር። በ1968 ቡድኑ 6 አሸንፎ 7 ተሸነፈ፤ አንዱን አቻ ወጣ። ሎምባርዲ ያን ዓመት ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ ይመለከት ነበር። ለሱም ለቤንግትሰንም ከዚህ የከፋ ቅጣት አልነበረም፤ የቀድሞው አለቃ ከላይ እያየ ማን በነጻነት ይሠራል? ጃይንትስ ሎምባርዲ ከሄደ በኋላ በ5 ዓመት ውስጥ 4 ጊዜ ለፍጻሜ ደርሷል። ግሪን ቤይ ግን እንደገና የሊጉን ዋንጫ ያገኘው በጃንዋሪ 1997 ነው።

ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነለትምና በ1969 የዋሽንግተንን ቡድን ያዘ። 7 አሸንፎ፣ 5 ተሸንፎ፣ 2 አቻ ወጣ፤ ዋሽንግተን ከተሸነፈበት ይልቅ ያሸነፈበት የበለጠ ሲሆን ይህ ከ1955 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ጡረታ ወጥቶ የነበረው ሳም ሃፍም ለሱ ሲል ተመልሶ አንድ ዓመት ተጫወተ። በሚቀጥለው ክረምት በአንጀቱ ነቀርሳ ተገኘበት፤ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1970 በ57 ዓመቱ ዋሽንግተን በሚገኘው የጆርጅታውን ሆስፒታል ዐረፈ። የሱፐር ቦል ዋንጫ ከዚያ ወዲህ በስሙ ይጠራል።

ሥርዓተ ቀብሩ ሴፕቴምበር 7 ቀን በኒው ዮርክ በሴንት ፓትሪክ ካቴድራል ተፈጸመ። በክብር ከአጀቡት መካከል ስታር፣ ሆርኑንግና ዊሊ ዴቪስ ከግሪን ቤይ፣ ዌሊንግተን ማራ ደግሞ ከጃይንትስ ነበሩ። በዋሽንግተን የውድድሩ ዘመን ሊከፈት የቀረው ሁለት ሳምንት ያህል ስለነበር ቡድኑ ለቢል ኦስቲን ተሰጠ። ኦስቲን ሎምባርዲ በ1954 ወደ ጃይንትስ ሲመጣ በመሐል ተጋፊነት ይጫወት የነበረ፣ ስዊፑን በገዛ እግሩ ሮጦ የተማረ፣ በኋላም ግሪን ቤይ ረዳቱ የሆነ ሰው ነው። ዘዴውን ከሱ ይልቅ የሚያውቅ አልነበረም። ያን ዓመት 6 አሸንፎ 8 ተሸነፈ፤ ከዚያም ሌላ ሰው ተተካ።